የዶሜይን ቅጥያ ቢበዛ ቡራዩ ምን ትጠቀማለች?

የኢንተርኔት ስሞችን የሚያስተዳድረው ድርጅት፣ አይካን፣ ለ2026 እ.ኤ.አ. ባዘጋጀው አዲስ ዙር ገንዘቡ ያለው ተቋም የራሱን ቅጥያ እንዲያመለክት ፈቅዷል። ቅጥያ የምለው ከመጨረሻው ነጥብ በኋላ የሚመጣውን ነው፤ ዶት ኮም፣ ዶት ኢቲ እንደምንለው። የማመልከቻው ክፍያ ብቻ 227,000 ዶላር ነው። ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ በሚል ስም ሲጠቃለሉ «ዶት ሸገር» የሚል ቅጥያስ ለምን አይኖረንም የሚል ሰው ቢነሳ አይገርመኝም። ጆሃንስበርግ፣ ኬፕታውንና ደርባን አላቸው እኮ።

እኔ አያስፈልገንም ባይ ነኝ። ምክንያቴ ግን ኢንተርኔቱ ይጨናነቃል የሚል አይደለም። በ2012ቱ ዙር 1,930 ማመልከቻ ቀርቦ፣ 300 ገደማ የነበሩት ቅጥያዎች ከሺህ በላይ ሆነዋል፤ ሥርዓቱ ምንም አልሆነም። ኮምፒውተርዎ ስም ሲፈልግ ከዛፉ ሥር ጀምሮ ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ ነው የሚወርደው፤ ከሥሩ ጥቂት ቅርንጫፍ ቢጨመር አይከብደውም።

የተቸገሩት ሌሎች ናቸው። አዲስ ቅጥያ በመጣ ቁጥር ባንክ ስሙን አስመሳይ እንዳይወስድበት እዚያም መግዛት አለበት። ብዙ የድረ ገጽ ቅጾች ደግሞ ያልለመዱትን ቅጥያ «ትክክለኛ ኢሜይል አይደለም» ብለው ይመልሱታል። ጠቡም አለ፦ ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ ሶፊያ በቀለ የመሩት ድርጅት «ዶት አፍሪካ»ን ሽቶ ከአይካን ጋር ለዓመታት ተሟግቷል፤ በ2015 የገለልተኛ ግምገማ ጉባኤ ፈርዶለት ነበር፣ ቅጥያው ግን በ2017 ለደቡብ አፍሪካው ተወዳዳሪ ተሰጠ። ይህ ሁሉ ገንዘብና ጉልበት ለአንድ ቃል!

ደግሞስ ስሙን በምን ፊደል ልንጽፈው ነው? ቡራዩ በላቲን ሲጻፍ በእንግሊዝኛው ልማድ አር እና ዋይ አንድ አንድ ጊዜ ይመጣሉ፤ በቁቤ ግን ይደጋገማሉ፣ አናባቢውም ይረዝማል። ለኮምፒውተሩ ሁለቱ ፈጽሞ የማይገናኙ ስሞች ናቸው። አንዱን ነጋዴው፣ ሌላውን አጭበርባሪው ቢመዘግብስ?

በራሳችን ፊደልስ? በ2017 የኢትዮጵያ ፊደል በዋናው የስሞች ደንብ ውስጥ ስለገባ በሩ ክፍት ነው። እዚህ ግን ሞክሼ ፊደላት ይጠብቁናል። «ቡራዩ» ዕድለኛ ናት፣ ሞክሼ የላትም። «ሰበታ» በሰ ወይም በሠ፣ ሁለት ነው። «ፀሐይ» የሚባል ዳቦ ቤት ቢኖርዎትስ? የመጀመሪያው ፊደል ሁለት ምርጫ አለው፣ ሁለተኛው ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ እያለ ስድስት፤ ሲባዛ አሥራ ሁለት። ደንበኛዎ በጆሮው የሰማውን ነው የሚጽፈው፤ አሥራ አንዱ ስህተት ወዴት ይወስደው? በቅጥያው ላይ ያሉትን ሞክሼዎች አይካን በደንብ ሊፈታቸው ይችላል፤ ከነጥቡ በፊት ያለውን ግን እኛው ካልሠራነው ማንም አይሠራልንም።

ዶት ኢቲ ከ1995 ጀምሮ የኛ ነው፤ የሚያስተዳድረው ኢትዮ ቴሌኮም ነው። የሱሉልታ የወተት አከፋፋይ ወይም የሰበታ ብሎኬት አምራች ዛሬ ስሙን በቴሌግራም ነው የሚያኖረው፤ ቻናሉ በተዘጋ ቀን ደንበኞቹም አብረው ይጠፋሉ። በዶት ኢቲ ሥር ስም ለማውጣት ስንት ቀን፣ ስንት ምልልስ ይፈጅበታል? መለካት ያለበት ይህ ነው። የኬንያው ዶት ኬኢ በብዙ ፈቃድ ባላቸው መዝጋቢዎች በኩል ይሸጣል፤ ሰዉ ከሰፈሩ ሳይርቅ ይገዛል። የአንድ «ዶት ሸገር» ማመልከቻ ገንዘብ ሞክሼዎቹን ሁሉ ለአንድ ባለቤት የሚይዝ መመዝገቢያ ለመሥራት ይበቃል፤ አንድ ጥሩ የምህንድስና ቡድን ቢሰጠኝ እንዲያውም ይተርፋል ባይ ነኝ።