የእጅ ዋጋ

ፒያሳ ወርቅ ቤት የሚገባ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ግራሙ ስንት ገባ?» ብሎ ነው። ሻጩ ካራቱን ይጠራል፤ 18 ወይም 21። ከዚያ ሐብሉ ሚዛን ላይ ይወጣና ትልቁ ዋጋ ይታወቃል። በሱ ላይ የምትጨመር አንዲት ትንሽ ሒሳብ አለች፤ «የእጅ» ትባላለች። ሐብሉን የሠራው ሰው የቤት ኪራዩን የሚከፍለው፣ ልጁን የሚያስተምረው በዚያች ነው። ገዢውም የሚከራከረው በዚያች ላይ ነው። የወርቁን ዋጋ የዓለም ገበያ ስለቆረጠው ማንም አይደፍረውም፤ የሠሪውን ግን «እስቲ ትንሽ ቀንሱልኝ» ማለት የተለመደ ነው።

እኔ የብር ሠራተኛ ነኝ። ሙያውን የለመድኩት ከውቤ በረሃ ወደ ፒያሳ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ አንድ ወናፍና አንድ አግዳሚ ወንበር ብቻ በሚይዝ ክፍል ውስጥ ነው። ባህላዊ ሙያ ለሰፈር ልማት ይጠቅማል ሲባል ደስ ይለኛል፤ እውነትም ይጠቅማል። ነገር ግን በየስብሰባው የሚቆጠረው የተሸጠው ዕቃ ብዛት ነው። ከሽያጩ ለእጅ የደረሰው ስንት እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው አይገኝም። ከባድ የወርቅ አምባር ሲሸጥ አብዛኛው ገንዘብ ማዕድኑን ተከትሎ ከሰፈሩ ይወጣል። በጥሩ የተሠራ የብር መስቀል ሲሸጥ ግን ብዙው ገንዘብ እዚያው በሠሪዎቹ መካከል ይቀራል። ለዚህ ነው ከወርቅ ይልቅ ብር ብዙ ቤት ያበላል የምለው።

የድሮዎቹ አንጥረኞች ብር የሚያገኙት ከጠገራ ነበር። ጠገራ ወይም ማርትሬዛ የምንላት ብር 28 ግራም ያህል ትመዝናለች፤ ከሺህ እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው፣ የቀረው በአብዛኛው መዳብ። መቼም ትመታ መቼ፣ የምትይዘው ዓመተ ምሕረት እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር 1780 ነው። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ወጥቶ ጠገራዋ ከመገበያያነት ስትርቅ፣ ብዙዋ ወደ አንጥረኛው ማቅለጫ ገባች። ከአንዲት ጠገራ ሁለት ደኅና የአንገት መስቀል ይወጣል። ያ መዳብ የተቀላቀለበት ብር ለሥራ የሚመች ነው፤ ጥንካሬ አለው፣ ክር ሆኖ ሲሳብ አያስቸግርም፣ ከጊዜ በኋላ የሚይዘው ጠቆር ያለ መልክም የጥርቡን ውበት ያወጣል። ዛሬ ጠገራ ብትገኝም ለማቅለጥ እጅ ይሳሳል።

ክር የማውጣቱን ነገር ልናገር፤ የእጅ ዋጋ የሚገባው እዚያ ላይ ነውና። ብሩ ቀልጦ ዘንግ ሆኖ ይፈሳል፣ በመዶሻ ይቀጠቀጣል፣ ከዚያ ብዙ ቀዳዳ ባለው ብረት ውስጥ ከሰፊው ወደ ጠባቡ ቀዳዳ እያለፈ ይሳባል። በተሳበ ቁጥር ስለሚደርቅ በየመካከሉ እሳት ማየት አለበት፤ አለዚያ ይበጠሳል። ሲቀጥን ሁለቱ ክር አንድ ላይ ይገመድና በስሱ ይጨፈለቃል፤ በመስቀሉ ጠርዝ ላይ የሚታየው ጥርስ ጥርስ መሳይ መስመር እሱ ነው። ቀሪው ክር በጉጠት እየተጠቀለለ በመስቀሉ ሆድ ውስጥ ይደረደራል፣ ቦራክስ ይቀባል፣ ብየዳ ይነሰነስበታል። ብየዳው ከብሩ ጥቂት ቀድሞ የሚቀልጥ ቅይጥ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ጠባብ ስለሆነ እሳቱን ትንሽ ያቆየ ሰው የቀኑን ሥራ በሙሉ አንድ ጉብታ አድርጎ ያገኘዋል። ይህን መለኪያ መሣሪያ አይነግርም። የብሩ ቀለም ሲለወጥ ዓይን ያውቀዋል፤ ያንን ዓይን ለማግኘት ደግሞ ዓመታት ያስፈልጋሉ።

ይህን ሁሉ አንድ ሰው አይሠራውም። በሰም ቅርጽ አውጥቶ የሚያፈስ አለ፣ ክር የሚስብ አለ፣ የሚቀርጽ አለ፣ ፈርጥ የሚያስገባ አለ፣ የሚያጥብና የሚወለውል አለ። ፒያሳና ዙሪያዋ ለሙያው የተመቹት ለዚህ ነበር። ያልተጠናቀቀ መስቀል በመዳፍ ይዞ ሁለት በር አልፎ መስጠት፣ ሻይ ሳይበርድ ተመልሶ መውሰድ ይቻል ነበር። ብሩ ሲሰጥ ይመዘናል፣ ሲመለስም ይመዘናል፤ በሞረድ የተፋቀው ብናኝ ሳይቀር ተጠራቅሞ ይቀልጣል። ከዚያ በተረፈ ወረቀት የለም፣ ፊርማም የለም። ገንዘብ ያጠረው በዕቁብ ቀድሞ ያወጣል። ስለ ቅርስ ሲወራ መስቀሉና ድሪው ይጠቀሳሉ፤ ይህ መተማመን ግን በሙዚየም መስታወት ውስጥ ስለማይገባ ማንም ቅርስ አይለውም። እኔ ከሁሉ የማስበልጠው እሱን ነው።

አራዳ ገበያ በቅዱስ ጊዮርጊስ ዙሪያ ይቆም በነበረበት ዘመን አንጥረኛውም ገበያውን ተከትሎ ሰፈረ። ጣሊያን ገበያውን ወደ መርካቶ ሲያዛውር ወርቅ ቤቶቹ ግን ከፒያሳ አልለቀቁም። ከአገሬው ጋር አርመኖችም በሙያው ነበሩበት፤ ሥራውም ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ። ውቤ በረሃ ስሙን ያገኘው የንግሥት ዘውዲቱ ባል ከነበሩት ከደጃዝማች ውቤ አጥናፍ ሰገድ ነው፤ ኋላ በንጉሡ ዘመን የሌሊት ኑሮ ማእከል ሆነ፤ ደራሲው ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ»ን የጻፈው በዚህ ሰፈር ሕይወት ላይ ነው። ያስተማሩኝ ሽማግሌ የዚያን ዘመን ሲያነሡ፣ ከደንበኞቻቸው ጥሩ ከፋይ የነበሩት በሰፈሩ ቡና ቤቶች የሚሠሩ ሴቶች እንደነበሩ ይነግሩኝ ነበር። ያጠራቀሙትን ገንዘብ በቀለበትና በአምባር ያስቀምጡታል፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ለዚያው ለሠራው ሰው መልሰው ይሸጡታል። ሙያው ያደገው ቱሪስት እየጠበቀ አይደለም። ሰፈሩ ራሱ ይገዛ ነበር።

ይህን የምለው ዛሬ የእጅ ሥራ ሲታሰብ ሁሉም ዓይኑን ወደ ጎብኚ ስለሚያነሣ ነው። ጎብኚ ይምጣ፤ መምጣቱ መልካም ነው። የዓድዋ ድል መታሰቢያ በየካቲት 2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ ከተመረቀ ወዲህ በአካባቢው እግር በዝቷል፤ መንገዱ ሰፍቷል፣ ማታው ብርሃን አግኝቷል። ነገር ግን የአንጥረኛ ዓመት የሚቆመው በጥር ሠርግ፣ በጥምቀት፣ ከፋሲካ በኋላ ባለው የሚያዝያ ሠርግ ነው። ለክርስትና መስቀል የሚያዝዝ፣ ለሙሽራ ጌጥ የሚያሠራ፣ የእናቱን የተበጠሰ ድሪ የሚያስጠግን የከተማው ሰው ከሌለ ጎብኚው ብቻውን አንድ ክፍል አያኖርም።

መታሰቢያው በተመረቀበት በዚያው በ2016 ዓ.ም. የከተማው የኮሪደር ልማት ሲጀመር በፒያሳ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈረሱ፤ ነዋሪው እንደ ገላን ጉራ ወዳሉ የከተማ ዳርቻዎች ሄደ። ከሄዱት መካከል ሥራ የምንቀባበላቸው ሰዎች ነበሩ። መኖሪያቸው የተሻለላቸው አሉ፤ ቧንቧና መጸዳጃ ቤት ያለው ቤት ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም። ሙያው ላይ የደረሰው ግን ይህ ነው፦ የሚወለውለው ሰው አንድ ጫፍ፣ የሚያፈሰው ሌላ ጫፍ ሲሆን መስቀሉ ታክሲ ይሳፈራል። የታክሲው ሒሳብ ደግሞ ከብሩ ላይ አይቀነስም፣ ከእጅ ዋጋ ላይ ነው የሚቀነሰው። ሰፈር ሲለማ ለሱቁ ፊት ለፊት ቦታ መስጠት ብቻ አይበቃም፤ ከሱቁ ጀርባ ጢስ የሚያስወጣ፣ መዶሻ የሚያስመታ ርካሽ ክፍል ካልተተወ ሱቁ የሰው አገር ዕቃ መሸጫ ይሆናል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ የወርቅ ግራም በብር ሲቆጠር እጅግ ናረ። ሙሽሮች ቀለል ያለ ማሠራት ጀመሩ፣ ገንዘባቸውን ግራሙ ስለሚጨርሰው በእጅ ዋጋ ላይ ያለው ክርክርም ባሰ። ከዚሁ ጋር ግን አንድ በጎ ነገር መጣ፤ በወርቅ የተለበጠ የብር ጌጥ የሚጠይቁ በዙ። እነዚህ ደንበኞች ከክብደቱ ይልቅ ሥራውን አገላብጠው ያያሉ። የክር ሥራ የሚያውቅ ሰው ዕድሉ እዚህ ላይ ነው።

ለመርዳት የሚመጡ ሰዎች ብዙ ጊዜ ይዘው የሚመጡት አጭር ሥልጠና፣ የምስክር ወረቀትና ባዛር ነው። ሥልጠናውን አልጠላም፤ ሒሳብ አያያዝ ለብዙዎቻችን ጠቅሟል። የብየዳ እሳት ግን በሳምንታት አይለመድም። ለማጅ የሚጠፋው ፍላጎት አጥቶ አይደለም፤ እስኪለምድ የሚበላው ስለሌለው ነው። ለአንድ ለማጅ የዓመት ምሳና ትራንስፖርት የሚችል ገንዘብ ከአንድ አዳራሽ ሙሉ ሥልጠና የበለጠ ፍሬ አለው። ባዛር ላይ ደግሞ አጠገባችን በቅርጽ የፈሰሰ የኒኬል መስቀል «ብር ነው» ተብሎ ይሸጣል። ገዢው ልዩነቱን የሚያውቅበት መንገድ ስለሌለው ርካሹን ያነሣል። በዚህ ገዢው አይወቀስም።

ስለዚህ ማኅተም እንዲኖረን አጥብቄ እፈልጋለሁ። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1300 በወጣ ሕግ፣ ጥራቱን ያሟላ ብር ብቻ የነብር ራስ ምልክት እንዲመታበት ተደርጓል፤ ምልክቱ ዛሬም አለ። ሩቅ ሳንሄድም፣ ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉት የቡና ስሞች የኢትዮጵያ የንግድ ምልክት እንዲሆኑ መንግሥት ሲከራከር ቆይቶ በ1999 ዓ.ም. ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ተፈራርሟል። የቦታ ስም ዋጋ ካለው የአራዳ ብር ሠሪም ስሙን በሥራው ላይ መምታት አለበት፦ የብሩ ጥራት፣ የሠሪው ምልክት፣ አራዳ የሚል ቃል። ስምን መምታት ግን ለእኛ የድሮ ስድብ ያለበት ነገር ነው፤ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ሠራተኛን በሙያው እየሰደቡ ማዋረድን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። ቀጥቃጭ፣ ቡዳ እየተባለ ሲሰደብ የኖረ ሰው ስሙን በሥራው ላይ ለማኖር ቢያመነታ አይፈረድበትም፤ አያቶቻችን ስማቸውን ሳያሳርፉ ያለፉት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

እኔ በበኩሌ ደረሰኝ ስጽፍ በሁለት መስመር እከፍለዋለሁ፤ በላይኛው የብሩ ክብደትና ዋጋ፣ በታችኛው የእጅ። በእጁ መስመር ሥር ማን ሳበው፣ ማን ቀረጸው፣ ማን ወለወለው የሚለውን እጨምራለሁ። ደንበኛ ይህን ሲያይ ክርክሩ ሙሉ በሙሉ አይቀርም፤ ግን «ይሄ ክር መሳብ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ ሲያስረዱት አብዛኛው ሰው ይከፍላል። ከተበተንነው ጥቂቶቻችን ባለፈው ዓመት ተሰባስበን ከፒያሳ ብዙ ያልራቀ አንድ ክፍል በጋራ ተከራይተናል፤ ኪራዩ ከዕቁቡ ይወጣል፣ የመወልወያው ሞተር የጋራ ነው፣ ለማጆቹ ከእጅ ዋጋው ድርሻ አላቸው። የጥር ትእዛዝ ከአሁኑ መግባት ጀምሯል። የቀረን ማኅተሙ ነው፤ ብሩን ፈትኖ ምልክቱን የሚያጸድቅ አካል ካገኘን ብረቱን ቀርጸን የምናወጣው እኛው ነን።