የሊማሊሞው ስድስት ሲሊንደር

ጣሊያኖች ስድስት ሲሊንደር ሞተር ሲሠሩ ነፍስ ይዘሩበታል! በ1950 እ.ኤ.አ. የወጣችውን ላንቻ አውሬሊያን ተመልከቱ፤ በዓለም ለመጀመሪያ ጊዜ በፋብሪካ በብዛት የተመረተው ቪ-6 ሞተር የእሷ ነው። በዓመቱ የተከተለችው ባለ ሁለት በሯ ጂቲ ደግሞ በ2 ሊትር ሞተር ሚሌ ሚሊያ በተባለው የጣሊያን የመኪና ውድድር ተሳትፋ፣ ከእጥፍ በላይ ሞተር ከነበራት ፌራሪ ቀጥላ ሁለተኛ ገባች። ምን ዓይነት ውበት ነው!

እኔን ያሳበደኝ ግን የዚያው ዘመን ሌላ ጣሊያናዊ ነው። ዳባት አንድ ግቢ ውስጥ አገኘሁት፦ ፊያት 682 ኤንትሬ የጭነት መኪና! ፊቱ ላይ እንደ ሽማግሌ ጺም የተዘረጋው ብረት ገና ያብረቀርቃል። ሞተሩ ጋቢናው ውስጥ፣ በሾፌሩና በረዳቱ መካከል ነው። ባለቤቱ ሲያስነሳው መጀመሪያ ጥቁር ጭስ ተፋ፤ ከዚያ ረጋ፣ ከበድ ባለ ድምፅ መምታት ጀመረ። እጄን የሞተሩ ክዳን ላይ አሳረፍኩ፤ ምቱ እስከ ክርኔ ተሰማኝ። ስድስቱ ሲሊንደሮች በአንድ መስመር ተደርድረዋል፤ ከ10 ሊትር በላይ የሆነ የናፍጣ ሞተር ነው። ፒስተኑ ረጅም መንገድ ስለሚጓዝ ጉልበቱን የሚሰጠው ዝግ ብሎ ሲዞር ነው። ተራራ የሚፈልገውም ይኸንኑ ነው።

ተራራውስ? ከደባርቅ ወጣ ሲሉ መሬቱ ድንገት ያልቃል። ጣሊያን በወረራው ዘመን ገደሉን ፈልፍሎ ያወጣው የሊማሊሞ መንገድ፣ ኩርባ በኩርባ እየተጠማዘዘ ወደ ድብ ባሕርና ዛሪማ ይወርዳል። እዚያ ላይ ጭነት ከነተሳቢው ይዞ መውረድ ቀልድ አይደለም። ሊማሊሞን የሚያወርደው ፍሬን አይደለም፤ ማርሽ ነው! በከባድ ማርሽ፣ ሞተሩ ራሱ ጭነቱን ወደ ኋላ እየያዘ፣ ኩርባው ላይ እያቃሰተ ይወርዳል። ሲመለስም በዚያው ማርሽ ቀስ ብሎ ይወጣዋል። ጣሊያኖች «የአፍሪካ ንጉሥ» ቢሉት ምን ይገርማል? በ1952 እ.ኤ.አ. የጀመረ ንድፍ ለአሥርተ ዓመታት የተመረተው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቢበላሽ መንገድ ዳር ተፈትቶ፣ መንገድ ዳር ይገጠማል።

አውሬሊያ ታምራለች፤ ሊማሊሞ ላይ ግን ኤንትሬ ይበልጣል፤ ያለ ጥርጥር!

እባካችሁ፣ በግቢያችሁ ኤንትሬ የቆመላችሁ ሁሉ ለብረት ነጋዴ አትሽጡት። አብዛኛው የስሜን ተራሮች ፓርክ ጎብኚ የሚያልፈው በደባርቅ ነው፤ አንዱ ተጠግኖ፣ ቀለም ተቀብቶ እዚያ ይቁምልን።