«መቅዳት» እና «መለጠፍ» በቃል ማጻፊያ ፕሮግራሞች

ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚለውጡ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች፣ በተለይም ዊስፐር የተባለው የንግግር መለያ በ2022 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ከቀረበ ወዲህ፣ እጅግ በዝተዋል። ዊስፐር ከሠለጠነባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ በመሆኑ ጉዳዩ እኛንም ይመለከታል። እዚህ የምንመረምረው ለፕሮግራሞቹ ሥራ በአማርኛ የምንሰጣቸውን ስያሜዎች ነው።

የብዙዎቹ አሠራር ተመሳሳይ ነው። ድምፁ በማይክሮፎን ይያዛል፤ ወደ ጽሑፍ ይለወጣል፤ ጽሑፉ ለጊዜው በኮምፒዩተሩ ማቆያ ይቀመጣል፤ ከዚያም ፕሮግራሙ ሰው የ‹ኮንትሮል›ንና የ‹ቪ›ን (በማክ የ‹ኮማንድ›ንና የ‹ቪ›ን) ቁልፎች የተጫነ አስመስሎ ጽሑፉን ጠቋሚው ባለበት ቦታ ያሳርፈዋል። ችግር የሚበዛው በዚህ በመጨረሻው እርምጃ ላይ ነው፤ ንግግሩ በትክክል ተጽፎ ሳለ ገጹ ባዶ ይቀራል።

እንግዲህ ይህ የገጠመው ሰው «በመጀመሪያ መቅዳቱን ያረጋግጡ» ቢባል ምን ያደርጋል? በአማርኛ ድምፅም ይቀዳል፣ ጽሑፍም ይቀዳል። (ጠላም ይቀዳል፤ እርሱ ግን ከኮምፒዩተር ጋር አይምታታም።) ሁለቱ ሥራዎች እዚህ በአንድ ፕሮግራም ውስጥ በጥቂት ሰኮንዶች ልዩነት ስለሚፈጸሙ ድርብ ፍቺው ያሳስታል። ድምፁ ካልተያዘ የሚመረመረው ማይክሮፎኑ ነው። በእጅ እነዚያኑ ቁልፎች ሲጫኑ ጽሑፉ ከወጣ ግን ማይክሮፎኑን መነካካት ከንቱ ድካም ይሆናል። ኮምፒዩተሩ ማክ ከሆነ ለፕሮግራሙ የተደራሽነት ፈቃድ መሰጠቱን ማየት ይገባል፤ በዊንዶውስ ደግሞ ተቀባዩ ፕሮግራም በአስተዳዳሪ ሥልጣን ተከፍቶ ከሆነ፣ ተራው ፕሮግራም የሚልከው የቁልፍ ምት አይደርሰውም። አንዳንዱ ፕሮግራም ደግሞ ቀድሞ በማቆያው የነበረውን ለመመለስ ስለሚቸኩል፣ በአዲሱ ጽሑፍ ፈንታ የቆየው ይወጣል። ይህን ሁሉ «አልቀዳም» ብሎ መጥራት ጠያቂንም መላሽንም ያደናግራል። በእኛ አስተያየት «መቅረጸ ድምፅ» የሚለው ነባር ስያሜ መንገዱን አሳይቷል፤ ድምፅ ይቀረጽ፣ ጽሑፍ ይቀዳ።

«መለጠፍ» ሌላ ጣጣ አለበት። ላሪ ቴስለርና ቲም ሞት በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ በዜሮክስ የምርምር ማእከል ጂፕሲ የተባለውን የጽሑፍ ማዘጋጃ ሲሠሩ፣ ወረቀትን በመቀስ የመቁረጥና በሙጫ የማጣበቅን ልማድ ወደ ኮምፒዩተር አሸጋገሩት። በመሆኑም «ለጥፍ» የሚለው ትርጉም ትክክል ነው። ዛሬ ግን «ለጠፈ» ሲባል በፌስቡክና በመሰሎቹ ለሕዝብ አወጣ ማለትም ሆኗል። «ንግግርዎን በራሱ ይለጥፋል» የሚል መግለጫ ያነበበ ሰው የግል ደብዳቤው በአደባባይ የሚወጣ ቢመስለው አይፈረድበትም። ፈርቶም ፈቃዱን ቢከለክል፣ በኋላ «አይሠራም» ብሎ የሚያማርርበትን ብልሽት ራሱ አመጣው ማለት ነው። ቃሉ ይሻር አንልም፤ «በጠቋሚው ቦታ ይለጥፋል» ቢባል ጥርጣሬው ይወገዳል።

በአንዳንድ ስልኮች ማቆያው «ቅንጥብ ሰሌዳ» ተብሎ ይገኛል። ቅንጥብ ከአንድ ነገር ላይ ተቆንጥሮ የተወሰደ ጥቂት ነው፤ ስፍራው ግን ሙሉ መጽሐፍም ይይዛል። «ማቆያ» ማለቱ ይቀላል።

ለዋናው ሥራ ግን አዲስ ቃል አያሻም። ተናጋሪ ሌላ፣ ጸሐፊ ሌላ በነበረበት ዘመን «ደብዳቤ አጻፈ» ይባል ነበር፤ ዛሬ ጸሐፊው መሣሪያ ሆነ እንጂ ግሱ ያው ነው። «ማጻፊያ» ያልነውም ከዚህ በመነሣት ነው፤ የተሻለ ያለው አንባቢ ቢጽፍልን እናመሰግናለን።