ርክክብ ላይ ቁሚ

በቅርቡ ዋርዳችን የተመደበች ልጅ «ሲስተር፣ ኦሬንቴሽኑ መቼ ነው የሚያልቀው?» አለችኝ። አዳራሽ ውስጥ የሥነ ምግባሩ፣ የእሳት አደጋው፣ የበሽታ መከላከሉ ትምህርት ሲወርድባት ሰንብታለች። «ገና መቼ ተጀመረና» አልኳት።

ከሥልጠና ክፍሉ ጋር የምንጨቃጨቀው እዚህ ላይ ነው። «መመሪያውን ያልሰማ ሠራተኛ ነገ ምን ብለን እንጠይቀዋለን?» ይላሉ። እጅ በሳሙና ከ40 እስከ 60 ሰከንድ እንደሚታጠብ ልጅቷ ከኮሌጅ ይዛው መጥታለች፤ የማታውቀው ውኃ ሲጠፋ አልኮሉ የት እንዳለ ነው። ያገለገለ መርፌ ከወጋት የኤችአይቪ መከላከያው ቶሎ፣ ቢዘገይ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር እንዳለበትም ታውቃለች። እሁድ ሌሊት የማንን በር እንደምታንኳኳ ግን ማን ነገራት?

እኔ የማምነው በርክክብ ነው። ነርሶች ጠረጴዛ ዙሪያ ካርድ እያገላበጡ የሚያደርጉትን ማለቴ አይደለም፤ እሱ ንባብ ነው። ከአልጋ አልጋ እየተሄደ፣ ካኑላው እየታየ፣ የሽንት ከረጢቱ እየታየ፣ በሽተኛው እየሰማ የሚደረገውን ነው። አዲስ ገቢ የመጀመሪያ ሳምንቷን ጠዋትም ማታም እዚያ ትቁም፤ ብቻዋን መድኃኒት አትስጥ። ሰዓት እንኳ የሚለመደው እዚያ ነው። ቻርቱ ላይ 6፣ 2፣ 10 ተብሎ የሰፈረው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ ለአስታማሚ እናት 12፣ 8 እና 4 ሰዓት ተብሎ ካልተነገራት የንጋቱን መድኃኒት እኩለ ቀን ላይ ትጠብቃለች። ይህን በስላይድ ያሳየ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ድሮ በሠራሁበት አንድ ሆስፒታል ሌሊት ላይ ኦክስጅን አለቀ። ሙሉ ሲሊንደር እየተገፋ መጣ፤ መፍቻው ግን የለም። ሁላችንም መሳቢያ ስንበረብር ጋሼ የምንላቸው ተላላኪ ከጋውናቸው ኪስ አውጥተው አቀበሉን። ሁልጊዜ ይዘውት ይዞሩ ነበር ለካ፤ የጠየቃቸው የለም። ከዚያ ወዲህ አዲስ ልጅ ሲመጣ መጀመሪያ የማስተዋውቀው ከተላላኪው ጋር ነው፣ ከሜትሮኗም በፊት። (ሜትሮኗ ይህን ካነበበች ትስቃለች፤ ወይ ትቆጣለች።)

ጡረታዬ ተቃርቧል። ከሥራው ምን አተረፍሽ ለሚሉኝ የምነግራቸው አንድ ጠዋት አለ። ሌሊቱን ያደረችው ልጅ አንድ ሽማግሌ አልጋ ጎን ቆማ «ሁለት ጊዜ አስመልሷቸዋል» ስትል፣ አባባ ከትራሳቸው ቀና ብለው «ሦስት ነው፣ ልጄ» አሏት። ልጅቷ ደንግጣ እኔን አየች፤ እኔ ደስ ብሎኝ ነበር። በሽተኛው ራሱ ርክክብ ውስጥ ገብቶ ቁጥር ሲያርም ከማየት የበለጠ ነገር ይህ ሙያ አልሰጠኝም። ጠረጴዛ ላይ ቢሆን ሁለት ተብሎ ያልፍ ነበር።

የሥልጠና ክፍሎች ሆይ፣ አዳራሹን በግማሽ ቀን ጨርሱና ልጆቹን ወደ ዋርድ ላኩልን። ከጠዋቱ ርክክብ በፊት ይድረሱ።