የሰው ወርቅ በተራራው ሆቴል

ኦስትሪያዊው ደራሲ ስቴፋን ዝዋይግ በ1942 እ.ኤ.አ. በብራዚል ተራሮች መካከል በምትገኘው በፔትሮፖሊስ ከተማ፣ በተከራየው ቤት ሕይወቱን ሲያጠፋ አንድ ያልታተመ ልቦለድ ትቶ ነበር። መጽሐፉ ለአንባቢ የደረሰው ከ40 ዓመት በኋላ፣ በ1982 ነው። የጀርመንኛው ርእስ ‹‹የመለወጥ ስካር›› እንደ ማለት ነው፤ በ2008 የወጣው የእንግሊዝኛ ትርጉም ግን ‹‹የፖስታ ቤቷ ልጅ›› ተባለ። ከሁለቱም ርእሶች ይልቅ መጽሐፉን የሚገዛው በስዊዘርላንድ፣ በፖንትሬሲና የመዝናኛ ከተማ የቆመው ሆቴል ነው።

ዘመኑ 1926 ነው። የ28 ዓመቷ ክሪስቲን በአንዲት የኦስትሪያ መንደር በፖስታ ቤት ትሠራለች። ጦርነቱ ወንድሟን ወስዶባታል፤ የገንዘብ ዋጋ መውደቅ የቤተሰቡን ጥሪት በልቶታል። አሜሪካ ሄዳ የከበረች አክስቷ በቴሌግራም ወደ ሆቴሉ ትጠራታለች። ዝዋይግ በእጅጉ የተሳካለት እዚህ ላይ ነው። ስለ መደብ ልዩነት ሳይሰብክ፣ ልጅቱ የገለባ ሻንጣዋን ይዛ በሆቴሉ ሠራተኞች ፊት ስትቆም የሚሰማትን ኀፍረት ያሳየናል። አክስቲቱ ልብስ ታውሳታለች፤ ጠጉሯን ታሠራላታለች። በመስተዋቱ ውስጥ ሌላ ሴት ብቅ ትላለች። ጥቂት ቆይቶ ስሟ እንኳ ተለውጦ በመሳፍንት ማዕረግ ትጠራለች።

‹‹የሰው ወርቅ አያደምቅ›› ይላል ያገራችን ተረት። ተረቱ ለተዋሰ ማስጠንቀቂያ፣ ላጣ ደግሞ ማጽናኛ ነው። የዝዋይግ ልቦለድ ይህንን ማጽናኛ ይነሣናል። የሰው ወርቅ ክሪስቲንን ያደምቃታል፤ ትስቃለች፣ ትጨፍራለች፣ በተራራው አየር የምትተነፍስበት ሳንባ እንዳላት ገና ያኔ ታውቃለች። ደስታዋ እውነተኛ ደስታ ነው፤ የሚያስፈራውም ይኸው ነው። አንዲት ምቀኛ ወጣት ማንነቷን ስታጋልጥባት አክስቲቱ የራሷ ያለፈ ገመና እንዳይወጣ ፈርታ ታሰናብታታለች። አማርኛ ለተጋባዡም ለባዕዱም ‹‹እንግዳ›› ይላል። ክሪስቲን ከአንደኛው ትርጉም ወደ ሌላው የምትወርደው በአንድ ሌሊት ነው።

ሁለተኛው ክፍል ቪዬና ላይ ይውላል። ከሳይቤሪያ ምርኮ የተመለሰውና የሕንፃ ነዳፊ የመሆን ተስፋው የመከነበት ፈርዲናንድ ከክሪስቲን ጋር የሚገናኝበት ሥፍራ የለውም። የሚከራዩት ክፍል በርካሽ ሆቴል ያለ፣ አልጋው ያደፈ ነው፤ በዚያም ላይ ፖሊስ በር እየደበደበ ወረቀት ይመረምራል። ሁለቱ ክፍሎች የተሰፉበት ስፌት ይታያል። የፈርዲናንድ ንግግርም ይረዝማል፤ አንዳንዴ ከሰው አፍ ሳይሆን ከጋዜጣ ዓምድ የወጣ ይመስላል። ሆኖም ይህ ሁለተኛ ሆቴል ባይኖር የፖንትሬሲናው የተረት ቤተ መንግሥት ሆኖ በቀረ ነበር። የሁለቱ ሆቴሎች ልዩነት በአንዲት ሴት ገላ ላይ ተለክቷል፤ በመጀመሪያው የነቃው ገላ በሁለተኛው ይሸማቀቃል።

የመጽሐፉ ከባድ ጉድለት ሌላ ነው። ክሪስቲን የምታፍረው በሻንጣ ተሸካሚውና በአልጋ አንጣፊዋ ፊት ነው። በኑሮ ከሁሉ ይልቅ የሚቀርቧት ግን እነርሱ ናቸው። ደራሲው ታሪካቸውን አልነገረንም፤ እርሷም አልጠየቀችም። የፖስታ ቤት ሠራተኛና አልጋ አንጣፊ ስለ ደመወዛቸው ለአፍታ ቢያወጉ ልቦለዱ ምን ያህል በጠለቀ! ዝዋይግ ከታች የመጣችውን እንግዳ አየ፤ ከታች የቀረውን አላየም።

አሜሪካዊው የፊልም አዘጋጅ ዌስ አንደርሰን በ2014 ባወጣው ‹‹ግራንድ ቡዳፔስት ሆቴል›› መነሻው የዝዋይግ ጽሑፎች መሆናቸውን በፊልሙ መጨረሻ ገልጿል። በዚያ ዋናዎቹ ባለታሪኮች የእንግዳ ተቀባዩ አለቃና ስደተኛው ተላላኪ ልጅ ናቸው። ፊልሙ እንደ ኬክ ስኳር በዝቶበታል፤ ረኀቡም ጦርነቱም ቀለም የተቀባ ይመስላል። ቢሆንም በር ላይ ቆሞ የነበረውን ልጅ ወደ መድረኩ መሐል አምጥቶታል።

ልቦለዱ የሚቆመው ሁለቱ ፍቅረኞች ክሪስቲን የምትሠራበትን ፖስታ ቤት ለመዝረፍ ሲወስኑ ነው። ፈርዲናንድ ዕቅዱን በወረቀት ላይ ዘርዝሮ ጽፎታል። ይሳካላቸው አይሳካላቸው ግን ደራሲው አልጻፈም።