ተአምርና ሟች በፍጅት ልብ ወለድ

በ1933 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር ከቡሬ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲያፈገፍግ በደምበጫ አካባቢ ብርቱ ውጊያ ተደርጓል። የዚያ ዘመን አርበኞች ሲወሱ ጥይት የማይመታው ጀግና ከወሬው አይጠፋም። እንዲህ ያለው አተራረክ ያኮራል፤ ነገር ግን ጥይት የመታቸውስ በታሪኩ ውስጥ ምን ቦታ አላቸው? የምንመረምረው ይህን ነው።

ጥያቄው የእኛ ብቻ አይደለም። ናዚዎች 6 ሚሊዮን ያህል አይሁድን ከፈጁ በኋላ፣ ተአምርን ከተራ ኑሮ ሳይለዩ ስለዚያ መከራ የሚተርኩ ደራስያን ተነሥተዋል። እስራኤላዊው ዳቪድ ግሮስማን በ1986 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ይመልከቱ፦ ፍቅር» በተባለው ልብ ወለድ፣ ዋሰርማን የሚባለው እስረኛ በመርዝ ጢስም በጥይትም አይሞትም። ቤተ ሰቡን አጥቶ ብቻውን ስለ ቀረ፣ ለካምፑ አዛዥ ማታ ማታ ተረት ይነግራል፤ የሚጠይቀውም ዋጋ እንዲገድለው ነው። በአርበኞች ወሬ በረከት የነበረው አለመሞት እዚህ መከራ ሆነ። ስለዚህ ተአምሩ የሟቾቹን ጉድለት አጐላው እንጂ አልሸፈነውም።

በእኛ በኩል መዓዛ መንግሥቴ በ2019 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ያሳተመችው «የጥላው ንጉሥ» አለ። ምንም የተባለው ባላገር መልኩ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ስለሚመሳሰል፣ እርሳቸው ከተሰደዱ በኋላ እንደ ንጉሥ ለብሶ ለሕዝብ ይታያል። ይህ ተአምር ሰው ሠራሽ ነው፤ ከሩቅ የሚያየውን ግን ያበረታል። በዚያው መጽሐፍ ፉቼሊ የተባለው መኰንን እስረኞችን ከገደል ሲያስወረውር ግን የሚቀበላቸው መልአክ የለም። ፎቶግራፍ የሚያነሣቸው ወታደር ኤቶሬ የአይሁዳዊ ልጅ ነው፤ ያገለገለው መንግሥትም በ1938 እ.ኤ.አ. በአይሁድ ላይ የዘር ሕግ አወጣ። ሁለቱ መከራዎች በአንድ ሰው ላይ ተገናኙ።

በመጽሐፉ ላይ የምንነቅፈውም አለ። እንደ መዘምራን በኅብረት የሚናገሩት ድምፆች አንዳንድ ጊዜ ሟቹን ከሰውነት ወደ ምሳሌነት ያሻግሩታል።

«ለእንዲህ ያለ መከራ እንደ ሐዲስ ዓለማየሁ ‹ትዝታ› ያለ የዓይን ምስክር ይበቃል» የሚል ይኖር ይሆናል። ምስክሩ መቅደሙን እናምናለን። ነገር ግን ያን ዘመን ያዩት አብዛኞቹ አልፈዋል፤ ብዙ ሟችም ጸሓፊ አላገኘም። እንግዲህ ሚዛናችን ይህ ነው፦ ሟቹን የሚያሳይ ተአምር ይግባ፤ በሟቹ ቦታ የሚቆም ተአምር ይቅር። ወደ ደምበጫ ወርዶ ወሬ የሚሰበስብ ተማሪም ጥይት የማይመታውን ጀግና ይመዝግብ፤ ቀጥሎም «ከጎኑ የወደቀው ማን ይባል ነበር?» ብሎ ይጠይቅ።