ስለ ናቡቴ ወይን የተጻፈ ሐተታ

በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ በ21ኛው ምዕራፍ ያለውን የናቡቴን ነገር ሰባኪዎች አብዝተው ከደሙ ይጀምሩታል። የንባቡ ኃይል ግን ከዚያ አስቀድሞ ነው፤ አክዓብ መጀመሪያ የመጣው ሰይፍ ይዞ ሳይሆን ዋጋ ይዞ ነውና። የተሻለ ወይን ወይም ብር ሊሰጠው ወደደ። የናቡቴን ወይን ስለ ምን ፈለገው ቢሉ፤ ርቦት አይደለም፥ ለቤቱ ቅርብ ስለ ሆነ የአትክልት ቦታ ሊያደርገው ነው። አንድም፤ ዋጋ የማይወጣለት ነገር በምድር መኖሩን መስማት ስላልቻለ ነው። የአባቶች ርስት አይሸጥም ቢባል ፊቱን አዙሮ ተኛ፥ እህልም አልቀምስም አለ።

ቅዱስ አምብሮስዮስ ዘሚላኖ በ4ኛው መቶ ዓመት ስለ ናቡቴ መጽሐፍ ጽፎ፥ ነገሩ የጥንት ብቻ ሳይሆን በየዕለቱ የሚደረግ መሆኑን አስተማረ። የካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛም በ1959 ዓ.ም. ስለ ሕዝቦች ልማት በጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት ይህንኑ መጽሐፍ ምስክር አድርገው፥ ባለጠጋ ከሚያስፈልገው የተረፈውን ለራሱ ብቻ ሊይዝ እንደማይገባው አስረዱ። ይህ መልካም ነው። ዳሩ ግን ከዚህ ቀጥሎ፥ ሰፊ መሬት ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ እንደ ሆነ ለሕዝብ ጥቅም ሊወረስ ይቻላል የሚል ትምህርት ይገኛል። ይህ በታላላቅ ባለርስቶች ላይ የተነገረ ነው፤ ነገር ግን መሬቱን ሥራ ፈት ብሎ የሚፈርደው ማን ነው?

በጋምቤላ በኑዌር ዞን ያለችው የማታር አገር ጥያቄውን ታከብደዋለች። ኑዌሮች ክረምት ውሃ ሜዳውን ሲሸፍነው በከፍታው ይቀመጣሉ፤ በጋ ሲሆን ከብታቸውን እየነዱ ወደ ወንዙ ዳር ይወርዳሉ። በነሐሴ የመጣ እንግዳ ሰው የሌለበት ረግረግ ያያል፤ በጥር ቢመለስ ያው ስፍራ የከብት በረት ሆኖ ያገኘዋል። ባዶ የተባለው መሬት ተራውን የሚጠብቅ ነበረ።

በ2003 ዓ.ም. ካሩቱሪ የተባለ፥ በጽጌረዳ ንግድ የታወቀ የሕንድ ኩባንያ በዚያው ክልል በኢታንግና በጂካዎ 100,000 ሔክታር ለ50 ዓመት ተከራየ (ጋሻው በ40 ሔክታር ቢቆጠር 2,500 ጋሻ ነው)። ኪራዩ ለሔክታር በዓመት 20 ብር ነበረ። በዚያ ወራት የክልሉ ሰዎች በመንደር ማሰባሰብ ሥራ ከቀያቸው ይነሡ ነበርና፥ የሰብዓዊ መብት ተሟጋቾች ይህ መሬት ለማስለቀቅ ነው ሲሉ መንግሥት ሕዝቡን በአገልግሎት ለመርዳት ነው ብሎ መለሰ። በ2004 ዓ.ም. መባቻ የባሮ ጎርፍ በቆሎውን ወሰደው። በ2008 ዓ.ም. ውሉ ሲፈርስ የለማው 1,200 ሔክታር ያህል ብቻ መሆኑ ተነገረ። እንግዲህ በጳውሎስ 6ኛ ሚዛን ቢመዘን፥ መሬቱን ሥራ ፈት አድርጎ የያዘው እረኛው ነው ወይስ ተከራዩ?

ቤነዲክቶስ 16ኛ በ2001 ዓ.ም. በጻፉት መልእክት ዓለም ተያይዞ አንድ ገበያ መሆኑ በራሱ ክፉም በጎም እንዳይደለ፥ መግዛት ግን ሁልጊዜ በሕሊና የሚጠየቁበት ሥራ መሆኑን አስተምረዋል። ይህ አክዓብን ይገሥጻል፤ ናቡቴን ግን አያድንም፤ ገዢው ደግ ቢሆን እንኳ ባለርስቱ እንቢ የማለት ሥልጣን ከሌለው ደግነቱ በገዢው ፈቃድ ላይ ቀርቷልና። ፍራንቸስኮስ በ2007 ዓ.ም. በጻፉት መልእክት መሬት ለጥንት ነዋሪዎቹ ሸቀጥ ሳይሆን የእግዚአብሔርና የአባቶች ስጦታ መሆኑን መጻፋቸው ለናቡቴ መልስ ከሁሉ የቀረበ ትርጓሜ ነው። የቀረው የሽማግሎቹ ነገር ነው። ደብዳቤውን በንጉሡ ማኅተም ያተመች ኤልዛቤል ናት፤ የፈጸሙት ግን የናቡቴ የገዛ ከተማው ሽማግሎች ናቸው፤ መልእክቶቹም በዚህ ላይ ባጭሩ ያልፋሉ።